ከቤተሰብ ጋር ወደ ካርቱም፤ ለሰላም ቀን የሚሰናዳ የጉብኝት ዕቅድ

ትልቅ ከተማን ከልጆቹ ጋር ለመጐብኘት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቃል። ይኸውም ወዴት እንሂድ፣ መቼ እንሂድ፣ ምንስ እንይ የሚል ነው። በዚህ ሳምንት እነዚህን ጥያቄዎች የምንመልስባት ከተማ የጐረቤታችን የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ናት። እርስዋን የመረጥንበትም ምክንያት፣ ልጆቻችን ሁሉ ስሙን የሚያውቁት ዐባይ ከነጭ ዐባይ ጋር የሚገናኝባት ከተማ በመሆንዋ ነው።

ነገር ግን ሳንሸሽግ መናገር የሚገባን ነገር አለ። ይህ ጽሑፍ በሚዘጋጅበት ጊዜ ካርቱም ሰው ልጆቹን ይዞ ለሽርሽር የሚሄድባት ከተማ አይደለችም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን የጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በሚባለው ጦር መካከል በከተማይቱ ውስጥ ውጊያ ተነሣ። ዕለቱ በእኛ ዘንድ የትንሣኤ ዋዜማ ቀዳም ሥዑር፣ በእስላሞች ዘንድ የረመዳን ጾም ነበረ። በዚያች ከተማ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ለበዓሉ ሲሰናዱ፣ ሱዳናውያኑም ማፍጠሪያቸውን ሲያስቡ የመድፍ ድምፅ ተሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመላው ሱዳን ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. የጦር ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን መልሶ ያዘ፤ በግንቦት ወርም የካርቱምን ክፍለ ሀገር በሙሉ መቈጣጠሩን አስታወቀ። ሆኖም ጦርነቱ ከዚያ በኋላ በሌሎች ክፍለ ሀገሮች ቀጠለ፤ የከተማይቱም ቤቶች፣ የውሃና የመብራት ሥራዎች እጅግ ተጐድተው ቈዩ።

ታዲያ ስለ ምን ዛሬ የጉብኝት ዕቅድ እናወጣለን? ምክንያቱ ቀላል ነው። መንገድ ሲከፈት መሰናዳት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ያያል እንጂ አያስተውልም። ደግሞም ካርቱምን አሳምረው የሚያውቁአት ሰዎች ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ፤ ከእነርሱ ሳንጠይቅ ብንቀር የምናጣው ብዙ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን በወረቀት ላይ አስፍረን እናቈያለን።

ማደሪያ

የጉብኝት ዕቅድ የሚጀመረው ከማደሪያ ነው። ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከገበያ መካከል ይልቅ ሰው የሚኖርበት ጸጥ ያለ ሰፈር ይሻለዋል። አል-ጣኢፍ በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከሪያድና ከመንሺያ ሰፈሮች የማይርቅ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ስሙን የሚጋራው በዐረብ አገር ከምትገኘው ከጣኢፍ ከተማ ጋር ነው። በዚህ ሰፈር ለጐብኚ የሚታይ ሐውልት የለም። ይሁን እንጂ አንድ ከተማ የሚታወቀው በሐውልቶቹ ብቻ ሳይሆን፣ ማለዳ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ማታም ጐረቤት ከደጅ ወንበር አውጥቶ ሲጨዋወት ነው።

የእንደዚህ ያሉ ሰፈሮች ነዋሪዎች ጦርነቱ በትኖአቸዋል። አንዳንዶቹ ወደ ግብፅ፣ አንዳንዶቹ ወደ ቻድና ወደ ደቡብ ሱዳን፣ ሌሎቹም በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። ስለሆነም ወደ ካርቱም በእንግድነት ሊሄድ የሚያስብ ቤተሰብ በመጀመሪያ ራሱ እንግዳ ተቀባይ ሊሆን ይገባዋል።

ወራቱና ሰዓቱ

ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። ከደጋ ለሚነሣ ሕፃን ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሱዳናውያን ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበልም ቀኑን ሊያጨልመው ይችላል። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚስማማው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በዚያም ወራት ቢሆን ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጆችን ከጥላ ሥር ማዋል፣ ባርኔጣና የሚጠጣ ውሃ አለመርሳት፣ ስለ ወባ መከላከያም ከጉዞ በፊት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ስለ ሰዓት አቈጣጠርም አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2017 ጀምሮ ሰዓትዋን ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ አድርጋለች። በዚህም ላይ እነርሱ ከእኩለ ሌሊት፣ እኛ ከንጋት እንቈጥራለን። እንግዲህ በአዲስ አበባ ከጧቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ ካርቱም ላይ 8 ሰዓት ነው ይባላል። ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ይህን ካላወቀ ሰውን ያስጠብቃል።

የመጀመሪያው ቀን፤ የወንዞቹ መጋጠሚያ

በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ልጆችን ወደ አል-ሙግረን መውሰድ ተገቢ ነው። አል-ሙግረን ማለት ጥቁር ዐባይና ነጭ ዐባይ የሚጋጠሙበት ሥፍራ ነው። ከጣና ተነሥቶ እዚህ የሚደርሰው ውሃ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ውሃው እስከ ካርቱም ስንት ሜትር እንደሚወርድ ልጆች ራሳቸው ቀንሰው ያግኙት።

ሁለቱ ወንዞች ወዲያው አይዋሐዱም፤ ለጥቂት ጊዜ ቀለማቸውን ለይተው ጐን ለጐን ይሄዳሉ። ነጩ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው፤ የእኛው ደግሞ በበጋ ጠራ ያለ፣ በክረምት የደጋውን አፈር ተሸክሞ የጠቈረ ነው። ሱዳናውያን አዝረቅ የሚሉት ቃል ዛሬ ሰማያዊ ተብሎ ይተረጐማል እንጂ በአነጋገራቸው ጥቁርንም ያመለክት ነበረ፤ የእኛም ጥቁር ዐባይ የሚለው ስም ከዚህ ጋር ይስማማል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደለሉን በብዛት ስለሚያስቀር፣ በድሮ መጻሕፍት የተጻፈውን የክረምት ቀለም ልጆቻችን እንደ ቀድሞው ላያዩት ይችላሉ። ምክንያቱን ማስረዳት የወላጅ ፈንታ ነው።

ከመጋጠሚያው አጠገብ ቱቲ የምትባል ደሴት አለች። በሦስት ከተሞች፣ ማለት በካርቱም፣ በሰሜን ካርቱምና በኦምዱርማን መካከል ሆና ሳለች የአትክልት እርሻዋን ጠብቃ የኖረች ናት። ቀድሞ በጀልባ ብቻ ይደረስባት ነበረ፤ በኋላ ግን በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠርቶላታል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሚታየው በዐባይ ዳር ጐዳና ላይ የሚገኘው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ነበረ። ይህ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1971 ተከፈተ። የአስዋን ታላቅ ግድብ ሲሠራ በውሃ ሊዋጡ የነበሩት የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች ድንጋያቸው ተነቅሎ በዚህ ግቢ እንደገና ተተከሉ። ከፋረስ ካቴድራል ግድግዳ ከተነሡት የኑቢያ ክርስቲያኖች ሥዕሎችም እኩሌታዎቹ ወደ ዋርሶ ሲሄዱ እኩሌታዎቹ እዚህ ተቀመጡ። በዚህ ከተቀመጡት አንዱ ሠለስቱ ደቂቅ በእቶን ውስጥ ሆነው ያሳያል። ይህን ታሪክ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን በቤተ ክርስቲያን የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ሕፃን የሥዕሉን ትርጕም ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

በጦርነቱ ጊዜ ሙዚየሙ ተዘረፈ። በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. የጦር ሠራዊቱ ሥፍራውን ሲይዝ የወርቅ ዕቃ ይቀመጥበት የነበረው ክፍል ባዶ ሆኖ ተገኘ። ግዙፎቹ የድንጋይ ሥራዎች ግን ሊሸከሙአቸው የማይቻሉ ስለ ነበሩ ብዙዎቹ በቦታቸው ቀሩ። ወደፊት የሚሄድ ቤተሰብ ያለውን ብቻ ሳይሆን የጐደለውንም ይጐበኛል ማለት ነው።

ሁለተኛው ቀን፤ ዓርብ

በሱዳን የሳምንቱ የዕረፍት ቀኖች ዓርብና ቅዳሜ ናቸው። ዓርብ እስከ ጸሎቱ ፍጻሜ ሱቆች በብዛት ስለሚዘጉ፣ የቤተሰቡን ስንቅ ሐሙስ ማታ መግዛት ይሻላል። ዓርብ ፀሓይ ስታዘቀዝቅ በኦምዱርማን በሼኽ ሐመድ አል-ኒል መቃብር አጠገብ ደርቪሾች አረንጓዴና ቀይ ልብስ ለብሰው፣ ከበሮ እየተመታ፣ የአምላክን ስም እየጠሩ ሲዞሩ ማየት የታወቀ ነበረ። ይህ ለተመልካች የሚደረግ ጨዋታ ሳይሆን ጸሎት መሆኑን ለልጆች አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። እንግዳ ከዳር ይቆማል፤ ፎቶግራፍ ከማንሣቱም በፊት ይጠይቃል። ድልድይ፣ ቤተ መንግሥትና የጦር ሰፈር ፎቶግራፍ ማንሣት ግን ከጦርነቱ በፊትም የተከለከለ ነበረ።

ሦስተኛው ቀን፤ ኦምዱርማን

በሦስተኛው ቀን የሚጐበኙት የመሕዲ መቃብርና ከፊቱ የሚገኘው የኸሊፋ ዐብዱላሂ ቤት ናቸው። መቃብሩን እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ጦር አፍርሶት ነበረ፤ በ1947 እንደገና ታነጸ። የኸሊፋው ቤት ደግሞ ሙዚየም ሆኖአል።

ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በዚህ ሥፍራ ሲቆም ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በመተማ ከመሕዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ይህ ለሕፃን የሚነገር አይደለም፤ ከፍ ላለ ልጅ ግን ሊነገረው ይገባል። ሲነገረው ደግሞ ሁለተኛው ታሪክ አብሮ ይነገረው። በ1932 ዓ.ም. በክረምቱ መግቢያ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ወደ ካርቱም መጡ፤ ከዚህችም ከተማ ተሰናድተው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። የንጉሥ ራስ የተወሰደባት አገር፣ ሌላው ንጉሥ አገሩን ለማስመለስ የተነሣባት አገር ሆነች። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የካርቱም ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ያችኑ መተማን ተሻግረው መጡ። የአንድ በር ታሪክ ጠብ ብቻ አለመሆኑን ልጆቻችን ከዚህ ይማራሉ።

ማዕዱና ቋንቋው

የሱዳን ማዕድ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ኪስራ የሚባለው ከማሽላ ሊጥ በስሱ የሚጋገር እንጀራ ነው። ቡናን ከዝንጅብል ጋር አፍልተው ሲያቀርቡ ጀበና ይሉታል፤ ዕቃውም መጠጡም በዚሁ ስም ይጠራል። ቋንቋውም እንዲሁ ነው። እኛ ቤት የምንለውን እነርሱ በይት፣ ስም የምንለውን ኢስም ይላሉ፤ ዐይን፣ ነፍስና ሰላም የሚሉት ቃላት ግን በሁለቱም ቋንቋዎች ይሰማሉ። ልጆች እነዚህን ቃላት በደብተር ላይ በሁለት ዐምድ ቢጽፉአቸው፣ አማርኛ የሚማር እንግዳም ሆነ ዐረብኛ የሚማር ኢትዮጵያዊ ይጠቀምባቸዋል።

እስከዚያው ድረስ

መንገዱ እስኪከፈት ቤተሰብ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ሦስት ሥራዎች አሉ። አንደኛ፣ ወደ ባሕር ዳር ሄዶ ዐባይ ከጣና የሚወጣበትንና ጢስ ዐባይን ማየት ነው፤ መጋጠሚያውን ለማየት የሚሄድ ልጅ መነሻውን ሊያውቅ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ የጉዞውን ቀን ከመቍረጥ በፊት ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ከሱዳን ኤምባሲ ስለ መንገዱ ደኅንነት መጠየቅ ነው። ሰላም ሆነ ተብሎ በወሬ መነሣት አይገባም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ በሰፈራችን ያለውን ሱዳናዊ ቤተሰብ ቡና ጠርቶ ስለ ከተማው መጠየቅ ነው። የትኛው መንገድ ጥላ እንዳለው፣ ጥሩ ኪስራ የት እንደሚገኝ፣ ልጆች የት ይጫወቱ እንደ ነበረ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ እርሱ ያውቃል። ስለ ፈረሰ ቤቱ መናገር ካልፈለገ አይጠየቅም፤ ሊናገር ከወደደ ግን ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ይሰማል። እርሱ ወደ ካርቱም የሚመለስበት ቀን ሲታወቅ፣ የእኛም የጉብኝት ቀን ያን ጊዜ ይቈረጣል።