ቅጹ ላይ ያልነበረው ዓምድ

ከኪሊማንጃሮ ተራራ በስተሰሜን፣ በኬንያ የአምቦሴሊ ፓርክ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የማሳይ መንደር፣ ጅብ ሌሊት በረት ጥሶ ገብቶ ሦስት ፍየሎች ገደለ። በማግስቱ ረፋድ አንዲት ተማሪ ከአስተርጓሚዋ ጋር መጥታ መጠይቋን ዘረጋች። የተገደለው እንስሳ ዓይነት፣ ብዛቱ፣ ዕድሜው፣ የገበያ ዋጋው፣ አጥቂው አውሬ፣ ሰዓቱ፣ የአጥሩ ሁኔታ፤ ሁሉም የየራሱ ዓምድ ነበረው። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይፈጅ ቅጹ ሞላ። ተማሪዋ አመስግና ለመነሣት ስትሰናዳ የቤቱ ባለቤት፣ አንድ አዛውንት፣ በአስተርጓሚው በኩል ጠየቋት፦ «የልጄንስ ነገር የት ላይ ጻፍሽው?»

ልጁ ዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ከበረቱ አጠገብ ተቀምጦ ያንቀላፋል። ጅቡ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ ሌሊቱን እሳት እያነደደ ሲጠብቅ ያድራል፤ ቀን ይተኛል። ትምህርት ቤት ከሄደ ሁለት ሳምንት አልፎታል። በቅጹ ውስጥ ለዚህ የተመደበ ዓምድ አልነበረም።

ተማሪዋ ከመንዝ ወደ አሜሪካ ከሄዱ ወላጆች ሜሪላንድ ውስጥ የተወለደች፣ የአካባቢ ፖሊሲ የምታጠና ወጣት ናት። ወደ አምቦሴሊ የመጣችው ለአንድ የትምህርት መንፈቅ የመስክ ሥራ ነው። ከመምጣቷ በፊት ስለ ስፍራው ብዙ አንብባለች፤ የሳተላይት ካርታዎችን መርምራለች፤ በሻንጣዋም ውስጥ ስለ ካሣ አከፋፈል ያዘጋጀችው ረቂቅ ነበር። የረቂቁ አመክንዮ ቀላል ነው፦ በአውሬ የተገደለ ከብት ይቆጠራል፣ በገበያ ዋጋ ይተመናል፣ ክፍያው ይፈጸማል፤ አርብቶ አደሩም አውሬውን የሚገድልበት ምክንያት ይቀርለታል። የአዛውንቱ ጥያቄ ይህን ስሌት አላፈረሰውም፤ ከመሠረቱ አንድ ድንጋይ እንደ ጎደለው ግን አሳያት።

የዱር እንስሳት አስተዳደር ተማሪ በመስክ መጀመሪያ የሚማረው መቁጠርን ነው። ቀጥ ያለ መስመር ተከትሎ በዝግታ ይጓዛል፤ እንስሳ ባየ ቁጥር ዓይነቱን፣ የመንጋውን ብዛት፣ ርቀቱንና የእይታውን ማዕዘን ይመዘግባል። ከመስመሩ እየራቁ በሄዱ መጠን የሚታዩት እንስሳት ቁጥር ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ራቅ ብለው ያሉት በቁጥር ስለሚያንሱ አይደለም፤ ቁጥቋጦው ስለሚሸፍናቸው ነው። ስለዚህ አጥኚው እይታው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚቀንስ አስልቶ፣ ያላያቸው ስንት እንደሚሆኑ ይገምታል። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ የሚኖር ዝሆን ደግሞ ራሱ ሳይታይ በፋንድያው ይቆጠራል፤ አንድ ዝሆን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጥልና ክምሩ በስንት ቀን እንደሚበሰብስ ከታወቀ የቀረው ሒሳብ ነው። ትምህርቱ በአጭሩ ያላዩትን በሐቀኝነት መገመት ነው። ለተሸሸገ ሚዳቋ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሙያ፣ በዐይን ፊት የሚያንቀላፋውን ልጅ በመጠይቁ ሳያካትት መቅረቱ ተማሪዋን እያደር አሳሰባት።

ጉዳዩ የአንድ ልጅ እንቅልፍ ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት የአምቦሴሊን መልክዐ ምድር ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1974 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ስፍራ ስፋቱ 392 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በበጋ፣ ከኪሊማንጃሮ ሥር በሚፈልቁ ምንጮች የሚመገበው ረግረግ ዝሆኑንና የሜዳ አህያውን ይሰበስባል። ዝናብ ሲጥል ግን መንጋው ከፓርኩ ወጥቶ በማሳዮች ግጦሽ ላይ ይበተናል። የፓርኩ ወሰን በካርታ ላይ እንጂ በእንስሳቱ ኑሮ ውስጥ የለም። በመላው ኬንያም ቢሆን ከዱር እንስሳት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚኖሩት ከተከለሉ ስፍራዎች ውጭ እንደ ሆነ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ደግሞ ከ1977 ወዲህ በአገሪቱ የግጦሽ መሬቶች ላይ የዱር እንስሳት ቁጥር በአማካይ በ68 በመቶ ማሽቆልቆሉን አሳይቷል። እንግዲህ አብዛኛውን የዱር ሀብት የሚጠብቀው መለዮ የለበሰ ዘብ ሳይሆን የአርብቶ አደሩ ትዕግሥት ነው። የወል ግጦሹ ለየግል ሲከፋፈል፣ አጥር ሲታጠርና ውኃ ባለበት ቲማቲምና ሽንኩርት ሲለማ፣ ያ ትዕግሥት የሚያስከፍለው ዋጋ ይበልጥ ይንራል።

ዋጋውን ለመጋራት የተሞከረ ነገር አለ። በምቢሪካኒ የወል ይዞታ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የካሣ ፈንድ በአውሬ ለተገደለ ከብት የዋጋውን ከፊል ይከፍላል፤ ከብቱ በቸልተኝነት የተጠቃ ከሆነ ክፍያው ይቀንሳል፤ አንበሳ የገደለም ይቀጣል። በዚያው አካባቢ ሊላ ሃዛ የተባለች ተመራማሪ ማሳዮች አንበሳ የሚገድሉት ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት በመካከላቸው ኖራ አጠናች። ከዚያ ጥናት በመነሣት እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣት ተዋጊዎችን የአንበሳ ጠባቂ አድርጎ የሚቀጥር መርሐ ግብር ተጀመረ። እነዚህ ወጣቶች የአንበሶቹን ዱካ ይከተላሉ፣ ለየአንበሳው ስም ያወጣሉ፣ እረኞችን ያስጠነቅቃሉ፣ የጠፋ ከብት ይፈልጋሉ፣ በረት ያጠናክራሉ። ሐሳቡ የበቀለው ከርቀት በተሠራ ሞዴል አልነበረም፤ በእሳት ዙሪያ ከተሰማ ወሬ ነው። አንበሳ መግደል ለተዋጊው ክብርም ጭምር መሆኑን ያልተረዳ ሰው፣ ክብሩን ወደ ጥበቃ ማዞር እንደሚቻል አያስብም።

ተማሪዋ በዚያ ሳምንት ስለ ልጁ ስሜት የሞላበት ዘገባ ጻፈች። መምህሯ አንብቦ መለሰላትና «አንድ ልጅ ናሙና አይሆንም» አላት። ቅር አላት፤ ግን ልክ ነበር። መስክ የሚሰጠው ምስክርነት ብርቱ ነው፤ ብርታቱ ግን ሊያሳስትም ይችላል። አንድ በረት አገር አይደለም። በዓይን የታየ ሐዘን በአውሮፕላን ከተሠራ ቆጠራ ይልቅ ልብን ይይዛል፤ ሆኖም የ68 በመቶውን መመናመን ማንም እረኛ ከደጃፉ ቆሞ ሊያየው ባልቻለም ነበር። ስለዚህ ልጁን ከመተው ይልቅ ወደ ጥያቄ ለወጠችው። በቀሪዎቹ ቤቶች መጠይቅ ላይ ሁለት መስመር ጨመረች፦ ትናንት ሌሊት በረቱን የጠበቀው ማን ነው? በዚያ ምክንያት የቀረ ሥራ ወይም ትምህርት አለ?

መልሱ አንድ ወጥ አልነበረም። ብዙ ከብት ያለው ቤት እረኛ ቀጥሮ ያስጠብቃል። ሰው የበዛበት ቤት ሌሊቱን ይከፋፈላል። ጥቂት ፍየልና ጥቂት እጅ ያለው ቤት ግን ልጁን ያቆማል። እዚህ ላይ የረቂቋ ጉድለት ግልጽ ሆነላት። ካሣ በሞተ ከብት ቁጥር ብቻ ከተከፈለ፣ ነቅቶ አድሮ ፍየሎቹን ያተረፈው ድሃ ምንም አያገኝም፤ ስኬቱ ራሱ ከመዝገቡ ያወጣዋል። ለጠፋው ብቻ የሚከፍል ፖሊሲ፣ ጥፋቱን ለመከላከል የፈሰሰውን ጉልበት እንደ ነፃ ስጦታ ይቆጥረዋል።

አንድ እሑድ አባቷ ከሜሪላንድ ስልክ ደወሉ። ስለ ማሳዩ አዛውንትና ስለ ልጃቸው ስትነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡ። «ለመሆኑ ጓሳን ማን ይጠብቀው ነበር ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«አልጠየቅሁም አባዬ።»

ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ በመንዝ የሚገኘው ጓሳ 111 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ የሆነ አምባ ነው። ለዘመናት የተዳደረው በ17ኛው ምዕተ ዓመት እንደ ተመሠረተ በሚነገረው የቀሮ ሥርዓት ነበር። የአስቦና የገራ ተወላጆች በመረጧቸው አለቆች አማካይነት ሣሩ እንዲያገግም ስፍራው ለዓመታት ይዘጋል፤ በተወሰነ ጊዜም ለግጦሽና ለቤት ክዳን ሣር አጨዳ ይከፈታል። ጥበቃው በየተራ ነው፤ ሥርዓቱን የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የሥርዓቱን መሠረት ሲያፈርሰው ጓሳ የሁሉም፣ በተግባር ደግሞ የማንም ሆነ። ኋላ ላይ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አደራጅቶ ቀጠለ።

ተማሪዋ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ በአምቦሴሊ የጎደለው በአያቶቿ አገር የተገኘ መሰላት። አባቷ ግን በዚህ አላቆሙም። «አትቸኩይ ልጄ። ሥርዓቱ የባለ ርስት ነበር። እኛ ርስት ነበረን። ያልነበረው ሰው ምን ይል እንደ ነበር ግን አልጠየቅነውም።» በእሳቸውም ቅጽ ላይ የጎደለ ዓምድ ነበር።

ጥያቄው በሰሜንም ተነሥቷል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። በመካከሉ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። የዋልያው ቁጥር በየዓመቱ ይዘገባል፤ የተዛወረው አባወራ ኑሮም በዚያው መጠን ሊለካ ይገባዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያስቀምጡ ስኬት ወይም ውድቀት ብሎ መፍረድ ግማሽ ሒሳብ ነው።

ከኪሊማንጃሮ ማዶ፣ በታንዛኒያ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የምዌካ ኮሌጅ ለአፍሪካ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ የመስክ ጉዞም የትምህርቱ አካል ነው። በዚያ የሠለጠነ ሰው ተመልሶ የሚሠራው በሚያውቀው ምድር ነው፤ ስሕተቱም በሚቀጥለው ዝናብ ደጃፉ ላይ ይጠብቀዋል። ከሜሪላንድ መጥቶ በመንፈቁ የሚመለሰው ግን ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ውጤቱን የሚኖረው ሌላ ሰው ነው። ከሩቅ ሆነው ስለ አገር ቤት ፖሊሲ የሚጽፉ ሁሉ ይህን ልዩነት ይጋሩታል። ርቀት መናገርን አይከለክልም፤ ቅጹን ለሚሞላው ሰው አስቀድሞ ማሳየትን ግን ግዴታ ያደርጋል።

ተማሪዋ ከመመለሷ በፊት የጥናቱ ውጤት ለመንደሩ ሰዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተነበበ። አዛውንቱ ስለ አዲሱ ዓምድ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይከፈልበታል?» ሲሉ ጠየቁ።

«አላውቅም» አለች። «ረቂቁን ለሚመለከታቸው አቀርባለሁ።»

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና የልጁ ስም በወረቀቱ ላይ መኖሩን እንድታሳያቸው ጠየቁ። በጥናቱ ደንብ መሠረት ስም አይጻፍም፤ የቤቱን ቁጥር አሳየቻቸው። ቁጥሩን በጣታቸው ዳሰሱት። ልጁ በስብሰባው አልነበረም፤ ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ ተኝቷል።