ማደሪያ ያለው ወንዝ

አባይን ማደሪያ የለው እያልን ስናማው ኖረናል። ኦካቫንጎ ግን ማደሪያ አለው። ከአንጎላ ደጋ፣ ከቢዬ አምባ፣ ኩባንጎ ተብሎ ይነሳል። ጠባቡን የናሚቢያ ካፕሪቪ ተሻግሮ ቦትስዋና ሲገባ ባሕር ፍለጋ አይንከራተትም፤ ካላሃሪ አሸዋ ላይ እንደ እጅ ጣት ተዘርግቶ እዚያው ይቀራል። የኛም አዋሽ እኮ ባሕር አያይም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል።

የሚገርመው ጊዜው ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት አንጎላ ላይ የዘነበው ውሃ ወራት ተጉዞ ረግረጉን የሚሞላው ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ቦትስዋና ጠብታ ዝናብ በማታይበት በጋ ነው። አገሩ ሲጠማ ዝሆኑም ጎሹም ወደዚያ ይጎርፋል። ጉማሬ በደንገሉ መሐል ሲመላለስ ለውሃው መንገድ ይከፍታል፤ ምስጥ ኩይሳዋን ስትክብ ደሴት ትጀምራለች። አብዛኛው ውሃ በመጨረሻ ተንኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል።

«ታዲያ ባከነ!» ለማለት እንቸኩላለን፤ የላይኛው ተፋሰስ ልጆች ነና! ልባችን ከአንጎላ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 2002 በእርስ በርስ ጦርነት የነደደ ሕዝብ መብራትና መስኖ አይገባውም ማን ይላል? ግን በታንኳ ዓሣ የሚያጠምደው የረግረጉ ሰውስ? ሦስቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1994 የጋራ ኮሚሽን ያቋቋሙት ለዚሁ ጥያቄ ነው። እኛም ድርሻችንን እንጠይቅ፤ ባሕር ያልደረሰን፣ ተርባይን ያላዞረን ውሃ ሁሉ ግን ባከነ አንበል።