ጀልባ የት ይጠገናል? ባሕር ሸሽ ላይ!

መኪና ቢበላሽ ጋራዥ አለ፡፡ ጫማ ቢቀደድ ሊስትሮው ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል፡፡ የእንጨት ጀልባ ቢያረጅስ? ሳቃችሁ አይደል? ወዳጄ እቁቡ ደርሶት ባሕር ዳር አሮጌ ጀልባ መግዛቱን ሲያበስረኝ እኔም ስቄያለሁ፡፡

ልጁ ግን ቀልድ ላይ አልነበረም፡፡ የአሶሳው አገር ሰው፣ የገነተ ማርያም ልጅ ነው፡፡ በዚያው ክልል ጉባ ላይ የተሠራው የሕዳሴ ግድብ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ሲመረቅ፣ ከጀርባው ንጋት የሚባል ሐይቅ ተኝቷል፡፡ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፡፡ ውኃ ካለ ዓሣ አለ፣ ዓሣ ካለ እንጀራ አለ ነው የወዳጄ ሒሳብ፡፡ የጣና ውኃ እንኳ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በጣና በለስ ዋሻ ወደ በለስ እየወረደ መጨረሻው ንጋት ነው፡፡ «ጀልባዬም ውኃውን ትከተላለች» ይላል፡፡ በአይሱዙ ተጭና መሆኑን ሳይጨምር!

ችግሩ ቦታ ነው፡፡ ስድስት ሜትር የምትሞላ ጀልባ ግቢ ውስጥ አትጠገንም፡፡ አንድ ባለመጋዘን የጠየቀን የሁለት ወር ኪራይ ጀልባዋ ከተገዛችበት ገንዘብ በለጠ፡፡ አንድ እንጨት ቤት ደግሞ «በሩን ካለፈች አምጧት» አለን፡፡ በሩን አየነው፣ ተመለስን፡፡

መላውን የነገረን ታንኳ ሠሪ ነው፡፡ የጣና ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ ታውቃላችሁ፡፡ ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ባለቤቱ ማታ ማታ ጎትቶ ያቆመዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፡፡ ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ይጣልና ሌላ ይታሰራል፡፡ (በነገራችን ላይ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እና በ1970 እ.ኤ.አ. ለሠራቸው የደንገል መርከቦች ደንገሉ የሄደው ከኛው ጣና ነው፡፡ ሁለተኛዋ አትላንቲክን በ57 ቀን ተሻግራ ባርቤዶስ ገብታለች፡፡ ይቺን ቡና ላይ ጣል አርጓት!) ሰውዬው ጀልባችንን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «እሷ እንደ ታንኳ አትጣልም፡፡ ባሕሩ ሲሞላ ዳር አድርሷት፣ ሲሸሽ እዚያው ትቷችሁ ይሄዳል» አለ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ጣና ክረምቱን ጠጥቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ሰኔ ድረስ ይወርዳል፡፡ ልዩነቱ ወደ ላይ ሲለካ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ቢሆን ነው፡፡ እንደ ፎገራ ባለ ሜዳ ዳርቻ ግን ውኃው እልም ብሎ ይርቃል፡፡ በእግሩ የሚተወውን መሬት ገበሬው ባሕር ሸሽ ብሎ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፡፡ ስለዚህ ክሬን የለ፣ ሃምሳ ሰው «ሆ!» ብሎ መጎተት የለ፤ ጀልባዋን ውኃው ራሱ አውጥቶ ያስቀምጥላችኋል፡፡ ጊዜያችሁ ግን የተቆረጠ ነው፡፡ ሐምሌ ነሐሴ ላይ ውኃው ይመለሳል፡፡ ደግሞም ከፍታውን ዝናብ ብቻ አይወስነውም፤ የጫራ ጫራ መቆጣጠሪያና በለስ የሚወስደው ውኃም አሉበት፡፡ የዘንድሮውን እዚያው ያሉትን ጠይቁ፡፡

ጥቅምት ላይ አንድ ሞተር ጀልባ ጎተተልን፤ ወዳጄ ውስጧ ሆኖ በጆግ ውኃ እየቀዳ ይደፋል፡፡ ቦታው የሰው ነው፣ «ሐይቅ የመንግሥት ነው» ብላችሁ ዘው እንዳትሉ! የመሬቱ ባለቤት አዛውንት ጀልባዋ የምትይዘውን በእርምጃ ለኩና፣ «ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ይበቅል የነበረውን ሽምብራ ክፈሉኝ፣ ሌላ አልፈልግም» አሉ፡፡ ኪራያችን ይኸው ነው፡፡ ለሌሊት ጥበቃ ለልጃቸው ጨመርን፡፡ እውነቱን ለመናገር ትልቁ ወጪ ኪራዩ ሳይሆን ጥበቃው ነው፤ ሳንቃ ማገዶ እንደሚሆን አትርሱ፡፡

ከዚያ ወስፌ ያዙ፡፡ አዎ፣ ወስፌ! ሳንቃውን በተለይ ከታች ውኃ በሚቋጥርበት በኩል ውጉት፤ ሰተት ብሎ ከገባ በስብሷል፣ ይቀየር፡፡ ጥሩው ምትክ ከፈረሰ ቤት የተገኘ አሮጌ ጽድ ነው፡፡ አዲስ የጽድ ወይም የዋንዛ ሳንቃ ከሆነ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ወረቀት ይኑራችሁ፤ ኬላ ላይ ጉድ ይፈላል፡፡ ነጩን የዕቃ ቤት ኮላ እንዳትነኩት፣ ውኃ ይፈታዋል፡፡ ስንጥቁን በጥጥ ገመድና በካትራሜ ሙሉት፤ ግን አታጭቁት፡፡ እንጨት ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ቦታ ካጣ ሳንቃውን ይገፈትራል፡፡ ለዚሁ ነው ጀልባ ውኃ በገባች በመጀመሪያው ቀን ብታፈስ የማያስደነግጠው፡፡ ሁለት ሦስት ቀን ስጧት፣ ራሷ ትዘጋለች፡፡ ውኃው ውስጥ ስትሠሩ ቡትስ አድርጉ፤ የጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለበት፡፡

ለወዳጄ ከባዱ ነገር ገና ነው፡፡ ንጋት የኃይል ማመንጫ ውኃ ስለሆነ ከፍታው የሚወሰነው በተርባይኖቹም ጭምር ነው፤ ዳርቻውም እንደ ፎገራ ሜዳ አይደለም፡፡ እዚያ ጀልባ በግንድ ላይ እየተንከባለለ መውጣት ሊኖርበት ነው፤ ከወዲሁ ሰውና ግንድ እየቆጠረ ነው፡፡ መንገዱ ሰላም መሆኑ ተጣርቶ ጉዞው ሲጀመር ደግሞ የቆላው ፀሐይ ያበጠውን ሳንቃ መልሶ ያደርቅና ስንጥቁን ይከፍተዋል፡፡ ስለዚህ አይሱዙው ላይ ሃያ ጆንያና ሁለት በርሜል ውኃ አብረው ይጫናሉ፡፡ ጆንያው ጀልባዋ ላይ ይነጠፋል፤ በየቆሙበት ከተማ ማርጠብ ነው፡፡ የማርጠቡ ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኛል፡፡