በአንድ እግሯ የቆመች ጃምፐር

የዛሬ ሰርቨር ክፍል ሽታ የለውም። ማቀዝቀዣው አየሩን ይነፋል፣ ፋኖቹ ያፏጫሉ፣ በቃ። ድሮ ግን የሰርቨር ክዳን ሲነሳ የሞቀ ፕላስቲክ፣ የአቧራና የስታኞ ሽታ ተቀላቅሎ ፊት ላይ ይመጣ ነበር። እንዴት እንደምወደው! ሥራ የጀመርኩበት የጥገና ክፍል እሱን እሱን ይሸት ነበር፤ ጠዋት በሩ ሲከፈት ከሻይ አፍዪያችን ከእቴቴ የጦስኝ ሻይ ጋር ተደባልቆ ይቀበለናል።

ዘመኑ 1990ዎቹ ነው፣ በእኛው አቆጣጠር። ቦታው አዲስ አበባ፣ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት። የክፍሉን አንጋፋ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ካቻቢቴያቸው ከደረት ኪሳቸው አይለይም። አንድ ቀን ከባድ ሰርቨር ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ክዳኑን አነሱና «ነይ እስቲ ልጄ፣ ባትሪውን አብሪልኝ» አሉኝ። አበራሁ። ማዘርቦርዱ ላይ፣ በቺፖቹ መሃል፣ ቀጫጭን ወርቃማ ፒኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰልፈዋል። አንዳንዱ ጥንድ ላይ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ፕላስቲክ ተሰክታለች። ጋሼ አንዷን በወረንጦ ነቅለው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ገልብጬ ሳያት ውስጧ ትንሽ የብረት ምላስ አለ። ጃምፐር ትባላለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው፦ በ2.54 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ሁለት ፒኖችን ታገናኛለች። ስትሰካ ያልፋል፣ ስትነቀል ይቋረጣል።

ከዚያች ትንሽ ነገር ስንት ነገር ይወጣ እንደነበር! በድሮዎቹ የፔንቲየም ቦርዶች ላይ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት እንኳ የሚወሰነው በጃምፐር ነበር። ቦርዱ በ66 ሜጋኸርዝ ይመታል፣ ጃምፐሮቹ በ3 አባዛ ይሉታል፣ 200 ገደማ ይሆናል። የትኛው ጥንድ ምን እንደሚያዝ የሚነግረን ደግሞ ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈው ሥዕል ነው። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያነቡት ነበር። ያን ጊዜ ማሽን ምን እንደታዘዘ በዓይን ይታያል፤ መብራት ባይኖርም፣ ስክሪን ባይኖርም፣ ክዳኑን ከፍተሽ ማንበብ ትችያለሽ።

ከሁሉም የምወደው ስካዚ ሃርድ ዲስኮቹን ማዘጋጀት ነበር። በአንድ ኬብል ላይ ብዙ ዲስክ ስለሚቀጠል እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል። ቁጥሩ የሚሰጠው በጃምፐር ነው፤ የመጀመሪያው ጥንድ 1፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 4። ዲስኩ 6 ይሁን ካልሽ ሁለቱንና አራቱን ትዘጊያለሽ። 7ን አንነካም፤ እሱ የመቆጣጠሪያው ካርድ ነው፣ ቅድሚያም የእሱ ነው። ጋሼ ጮክ ብዬ እንድደምር ያደርጉኝ ነበር፤ እቴቴ ሻይ ይዛ ስትገባ «ዛሬም ሒሳብ ነው?» ትላለች። ሲኒዎቹን ከተከፈተው ማሽን ርቆ ያለው መስኮት ላይ ነበር የምታሰልፋቸው፤ ማንም ሳይነግራት።

ድምፁስ! አንዱ ጃምፐር ዲስኮቹ ተራ በተራ እንዲነሱ ያደርጋል፤ ሞተር ሲነሳ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ሁሉም አንድ ላይ ከተነሱ ፓወር ሰፕላዩ ይጨነቃል። ስለዚህ ቁልፉ ሲጫን አንደኛው ከታች ጀምሮ እያፏጨ ይወጣል፣ ሲረጋጋ ሁለተኛው ይከተላል፣ ከዚያ ሦስተኛው። ሁላችንም ሥራችንን አቁመን እናዳምጥ ነበር። መጨረሻው ሲደላደል ጋሼ «ተመስገን» ብለው ወንበራቸውን ይስባሉ።

ትርፍ ጃምፐር የሚቀመጠው በክብሪት ቀፎ ውስጥ ነበር። ጋሼ ከሞተ ቦርድ ላይ ሁሉ እየነቀሉ ያጠራቅሟቸው ነበር፤ ከሌላ ቢሮ የመጣ ልጅ «ጋሼ፣ አንድ ጃምፐር አያጡም?» ሲል ቀፎውን ከፍተው ራሱ እንዲመርጥ ይሰጡታል። ለጊዜው የማትፈለገዋን ደግሞ ከቦርዱ አያወጧትም። በአንዱ ፒን ላይ ብቻ ይሰኳታል፤ ሁለት ፒን ስላልነካች ምንም አታገናኝም፣ ግን እዚያው አለች። «ነገ የሚመጣው ሰው ሲፈልጋት ከየት ያመጣል?» ይላሉ። ያን የማያውቁትን ሰው ማሰባቸው ይገርመኝ ነበር፤ ዛሬም ይገርመኛል።

አንድ ጊዜ ከክፍለ ሀገር አንድ ሰው ሰርቨር በጋቢ ጠቅልለው በአውቶቡስ ይዘው መጡ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሠራተኛ ለቅቆ ሄዷል፣ ማሽኑ አልነሳ ብሏል፣ ሰውዬው መረጃው የጠፋ መስሏቸው ፊታቸው ገርጥቷል። ጋሼ መጀመሪያ ሻይ አስመጡላቸው። ከዚያ ገመዱን ነቅለው የይለፍ ቃል ማጥፊያዋን ጃምፐር ከፒን 1 እና 2 ወደ 2 እና 3 አዛወሯት፣ ትንሽ ቆዩ፣ መለሷት። ቃሉ የተቀመጠው በቦርዱ ላይ እንጂ በዲስኩ ላይ ስላልነበር መረጃው እንዳለ ነው። ቀኑና ሰዓቱ ብቻ ወደ ኋላ ሄዶ ነበርና እኔ አስተካከልኩት። ሰውዬው ገንዘብ ሊያወጡ ኪሳቸው ገቡ፣ ጋሼ እጃቸውን ያዟቸው። ከወራት በኋላ ለክፍሉ ሁሉ የሚበቃ ማር ላኩ።

ኮኔክተሮቹም የየራሳቸው ጠባይ ነበራቸው። ጠፍጣፋው የዲስክ ኬብል ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር አለው፤ ቀዩ ወደ ፒን 1 ነው። ባለአራት ቀዳዳው ሞሌክስ እልኸኛ ነው፣ ግራና ቀኝ እያባበልሽ ነው የምታወጪው፤ ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5፣ ሁለቱ ጥቁሮች ግራውንድ። በአሮጌዎቹ ማሽኖች ላይ የቦርዱ ኃይል የሚመጣው ጎን ለጎን በሚሰኩ ሁለት ኮኔክተሮች ስለነበር «ጥቁሩን ከጥቁሩ አጎራብቺ» ይባላል። ኤቲኤክስ የተባለው የቦርድ ደረጃ በፈረንጆቹ 1995 ሲመጣ ሁለቱን በአንድ ተካቸውና ይህ ምክር ቀስ በቀስ ከአፋችን ጠፋ።

ዛሬ ዲስክ ከፊት ለፊት ይገባል፣ ቀጭ ይላል፣ ቁጥሩን ከገባበት ቦታ ያገኛል። ቅንብሩን ቤቴ ተቀምጬ ከላፕቶፔ እቀይረዋለሁ። ሌሊት ከአልጋ ከመነሳት አድኖኛል፣ አመሰግናለሁ። ግን አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች በአንድ ባትሪ ብርሃን ላይ አራት ራስ ሆነው አይጎነበሱም። እያንዳንዱ በየስክሪኑ ነው። የሚናፍቀኝ ያ መጠጋጋት ነው፤ የጋሼ ትንፋሽ መነጽራቸውን ሲያደበዝዘው፣ አንዱ ባትሪ ሲይዝ፣ ሌላው ሥዕሉን ሲያነብ፣ ወረንጦው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። በዓል በመጣ ቁጥር እደውልላቸዋለሁ፣ ከጤናቸው ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ስለ ማሽኖቹ ነው። «አሁንም ጃምፐር አላቸው?» ይላሉ። አላቸው እላቸዋለሁ፤ የይለፍ ቃል ማጥፊያዋ ብዙዎቹ ላይ አልቀረችም። ደስ ይላቸዋል፤ የት አካባቢ እንደተቀመጠች፣ ስንት ፒን እንዳላት ይጠይቁኛል። ሰሞኑን ከመጋዘን ዲስኮቹ ያልተነቀሉለት አሮጌ ባለስካዚ ሰርቨር አግኝተናል። ሊወገድ ነበር፤ ኃላፊዬን አስፈቅጃለሁ። ለፋሲካ በመኪና ጭኜ እወስድላቸዋለሁ፣ ባትሪ የሚያበሩልን ሁለት ልጆችም አብረውኝ ይመጣሉ።