ባንዲራ መለየትና ዓለምን ማወቅ

አንድ ልጅ የሃምሳ አገር ባንዲራ ከነዋና ከተማው ሲያነበንብ ቤቱ በጭብጨባ ይደምቃል። ቪዲዮ ተቀርጾ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ ዘመድ አዝማድ «እደግ ተመንደግ» ይላል። ልጁ ደክሞበታልና ሊመሰገን ይገባዋል። ግን ያንኑ ልጅ «ኢትዮጵያ ትበልጣለች ወይስ እንግሊዝ?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ከጠየቅኳቸው ልጆች ብዙዎቹ ሳያመነቱ «እንግሊዝ» ብለውኛል። እኛ ግን ከመላው ታላቋ ብሪታንያ ከአራት እጥፍ በላይ እንሰፋለን።

ለዚህ ነው ለልጆች ዓለምን ስናስተምር ከመጠን እንጀምር የምለው። ስም ኋላም ይደርሳል።

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። በየግድግዳውና በየስልኩ ለረጅም ጊዜ ስናየው የኖርነው የካርታ አሣሣል ጌራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ያወጣው ነው። ለመርከበኛ ግሩም ነው፤ ኮምፓሱን ይዞ የሚሄድበት አቅጣጫ ካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣለታል። ነገር ግን ከምድር ወገብ በራቀ ቁጥር አገሩ ሁሉ እየተለጠጠ ይሄዳል። በዚያ ካርታ ግሪንላንድ አፍሪካን ታክላለች። መሬት ላይ ሲለካ አፍሪካ 30 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ግሪንላንድ ደግሞ 2.2 ሚሊዮን እንኳ አትሞላም፤ የአሥራ አራት እጥፍ ልዩነት ነው። እዚሁ አዲስ አበባ የተቀመጠው የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2025 ይህ ካርታ የአህጉሩን ትክክለኛ ስፋት በሚያሳይ እንዲተካ የሚጠይቀውን ዘመቻ መደገፉ ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ የአገሩን ልክ አሳንሶ ካየ፣ በኋላ የሚማረው ሁሉ በዚያው ልክ ይቀመጣል።

ይህን ለማቃናት «ዘ ትሩ ሳይዝ» የሚባለው ነጻ ድረ ገጽ ይበቃል። የአገር ስም ይጻፍበታል፣ አገሪቱ ቀለም ለብሳ ትነሳለች፣ ከዚያ እየጎተቱ ያሻቸው ቦታ ላይ ማሳረፍ ነው። ኢትዮጵያን አውሮፓ ላይ አሳርፏት፤ በአውሮፓ ያለው የፈረንሳይ ግዛትና ስፔን ተደምረው አያክሏትም። የእህቴ ልጅ ወደ ሰሜን ስትጎትታት ኢትዮጵያ እያበጠች ስትሄድ አይታ «ለምንድን ነው የምትወፍረው?» ብላ ጠየቀችኝ። የካርታ ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። መልሱን ለመስጠት አትቸኩሉ፤ ልጆቹ ግሪንላንድን ወደ እኛ ወደ ምድር ወገብ አውርደው ስትሟሽሽ ይዩዋት።

ሁለተኛው ጉግል ኧርዝ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት ውስጥ ተከፍቶ የሚታየው አይፍል ታወርና ዲዝኒላንድ ብቻ ነው። እኔ የምመርጠው ዓባይን መከተል ነው። ከባሕር ዳር ጀምሩ። ጠቋሚው ያረፈበት ቦታ ከፍታ ከታች ጥግ ላይ በቁጥር ይታያል፤ ጣና ላይ ወደ 1,800 ሜትር ይላል። ወንዙ ከሐይቁ ወጥቶ በጢስ ዓባይ አድርጎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል። ልጆች ይገረማሉ፤ ሱዳን ያለችው በምዕራብ ነው፣ ታዲያ ለምን ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል? ያኔ ካርታውን ዘንበል አድርጋችሁ አሳዩአቸው፤ መሐል ላይ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ወንዙ ጎጃምን ዞሮ፣ ከወሎና ከሸዋ እየለየው፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን ያንን ጥልቅ በረሃ አቋርጦ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ጉባ ላይ ሕዳሴ ግድብን ታገኛላችሁ። ካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ሲገናኝ ከፍታው 380 ሜትር ገደማ ደርሷል።

ያ 1,400 ሜትር ቁልቁለት ብዙ ነገር ያስረዳል፤ ውሃው ለምን አፈር ጠራርጎ እንደሚሄድ፣ ግድብ ለምን እዚያ እንደሚሠራ፣ ግብፅ የኢትዮጵያ ክረምት ለምን እንደሚያሳስባት። የናይል ውሃ ከ80 በመቶ በላይ ከእኛ ተራሮች የሚሄድ መሆኑን ከዚህ በኋላ ብትነግሯቸው በጣታቸው የተከተሉት መንገድ ስለሆነ አይረሱትም። ደግሞ ይህ ሁሉ እንግሊዝኛ ማንበብ አይጠይቅም፣ ዓይንና ጣት ብቻ ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ የልጆች ጂኦግራፊ ኢንተርኔት ላይ ጥቂት በሆነበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ሰው ኑሮ ደግሞ ዶላር ስትሪት የሚባል ድረ ገጽ አለ። በስዊድኑ ጋፕማይንደር ድርጅት አና ሮስሊንግ ሮንሉንድ የሠራችው ነው። ፎቶ አንሺዎች በብዙ አገር ከቤት ቤት እየገቡ አልጋውን፣ ምድጃውን፣ የጥርስ ብሩሹን፣ የልጆቹን መጫወቻ አንስተዋል፤ ፎቶዎቹ በቤተሰቡ ወርሃዊ ገቢ ተደርድረዋል። ገቢያቸው የሚቀራረብ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ እስያ ሌላው አፍሪካ ቢሆኑም ማዕድ ቤታቸው ይመሳሰላል። «ፈረንጅ እንዲህ ነው፣ ቻይና እንዲህ ነው» ብሎ መደምደም የለመደ ልጅ እዚህ ቆም ብሎ ያስባል። አንዳንዱ ፎቶ ልብ ይነካልና አብራችሁ ተቀመጡ።

የአገር ስምና ቦታ ማጥናት ከዚህ በኋላ ይመጣል። ለዚያ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ሴቴራ የተባለው የካርታ ጨዋታ ጥሩ ነው። ሬዲዮ ጋርደን ላይ ደግሞ ሉሉን አሽከርክረው የደረሱበትን ከተማ ሬዲዮ በቀጥታ ይሰማሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋሽንግተን ያለች አክስት ስትደውል «እዚያ ገና ጠዋት ነው» ይባላል፣ ልጁም ሰምቶ ያልፋል። ያን ጊዜ የቀንና የሌሊት ካርታ ክፈቱለት፤ ታይም ኤንድ ዴት የተባለው ድረ ገጽ ላይ አለ። የምድር ግማሹ ጨልሞ ግማሹ በርቶ ያየዋል፣ በእኛና በዋሽንግተን መካከል ያለው ሰባት ወይም ስምንት ሰዓትም ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ቀጥላችሁ ሰዓታችንን ከንጋት ጀምረን መቁጠራችን ለምን እንደሚሠራ ጠይቁት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ስቶክሆልም ላይ ግን በበጋና በክረምት ንጋቱ በብዙ ሰዓት ስለሚለያይ በዚያ መንገድ መቁጠር ያስቸግራል።

ዳታ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጉግል ኧርዝ በተለይ ካርድ ይበላል። መምህራን ግን ዋይፋይ ባለበት ቦታ ኢትዮጵያ አውሮፓ ላይ ያረፈችበትን ስክሪንሹት አንስታችሁ በጥቁርና ነጭ ብታሳትሙት ለአንድ ክፍል ይበቃል። ከሥሩ የአፍሪካንና የግሪንላንድን ስፋት በቁጥር ጻፉበትና ከግድግዳው ካርታ አጠገብ ለጥፉት፤ ልጆቹ ሁለቱን እያስተያዩ ይከራከሩ።