ሌላውን ስለ መስማትና አስቀድሞ ስለ መሰማት

በጎንደር የመጻሕፍትን ትርጓሜ የሚማር ደቀ መዝሙር ዘወትር ከአፉ የማይለያት ቃል «አንድም» የምትለው ናት፤ በላይ ቤትም ሆነ በታች ቤት ትርጓሜው የሚሄደው በእርስዋ ነውና። ይህች ቃል ትንሽ ስትሆን ብዙ ትሕትናን ታስተምራለች፤ አንድ ምሥጢር ያገኘ ሁሉ ሌላ አልቀረም ብሎ መጽሐፉን እንዳይዘጋ ትከለክለዋለች።

በዚያችው ከተማ ዛሬ የሰውን ልብ ቃል ለመተርጐም የሚማሩ ሌሎች ደቀ መዛሙርት አሉ። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፥ በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ከአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ጋር ተባብሮ በአእምሮ ጤና የማስተርስ ትምህርት ከፍቷል። ከዚያም አስቀድሞ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀምሮ ነበር።

በውጭው ዓለም ለዚህ ሙያ ከሚሰጡት ከፍተኛ ትምህርቶች አንዱ ሳይኮዳይናሚክ ይባላል። ሥሩ የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ነው፤ እርሱና ባልደረባው ዮሴፍ ብሮየር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1895 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የተሰወረ ሐዘን በቃል ሲገለጥ ሕመሙ እንደሚቀል ጽፈዋል። ፍሮይድ ስለ ሃይማኖት የጻፈው ለምእመን የሚስማማ አይደለም፤ ነገር ግን ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ለቅኔ ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሕመምተኛው የሚናገረው ሰሙን ነው፥ ወርቁ በውስጡ አለ ይላልና። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ ባለ ቅኔው ወርቁን አውቆ ይሰውረዋል፥ ሕመምተኛው ግን ወርቁ ከራሱም ተሰውሮበታል።

በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና ቀበሌ፥ በጦርነቱ ምክንያት መሣሪያ ያልያዙ ብዙ ሰዎች ተገድለዋል። ከእንዲህ ያለው መከራ በኋላ አንዲት የደጋ እናት ወደ ሐኪም ቀርባ፥ «ልጄ፥ ራሴን ይፈልጠኛል፤ እንቅልፍም ነሣኝ» ብትል፥ ቃሉ በስንት ይተረጐማል? አንድም የራስ በሽታ ነው፤ አንድም ሐዘን ነው፤ አንድም ልጅዋ ሞቶ እርስዋ በመትረፍዋ የሚያንገበግባት ጸጸት ነው። ፈጥኖ የሚፈርድ ሐኪም የራሱን ወርቅ በእርስዋ ሰም ውስጥ ከትቶ ያሰናብታታል።

ስለዚህ በ1920 በበርሊን ከተከፈተው ተቋም ጀምሮ የዚህ ትምህርት ሥርዓት ሦስት ወገን ሆኗል፤ መጽሐፉን መማር፥ በመምህር ተቈጣጣሪነት ሕመምተኛን መስማት፥ ደግሞም ተማሪው ራሱ በሌላ ሐኪም ፊት ተቀምጦ የገዛ ልቡን መናገር። ይህ ሦስተኛው ብዙ ዓመት የሚፈጅና ከሁሉ የሚከብደው ነው። ምክንያቱም ሐኪሙ ያላለቀሰው የራሱ ለቅሶ ካለ፥ የሌላው ለቅሶ ያስፈራውና ወሬውን ወደ ሌላ ይመልሰዋል። ሕመምተኛውም ሐኪሙን አንድ ጊዜ እንደ አባቱ፥ አንድ ጊዜ እንደ በዳዩ አድርጎ ያየዋል፤ ራሱን ያልመረመረ ሐኪም በዚህ ይቈጣል ወይም ይታበያል። የሰውን ኑዛዜ የሚቀበል ካህንም ለራሱ የንስሐ አባት አለው። ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ካህኑ በተሰጠው ሥልጣን ከኃጢአት ይፈታል፥ ሐኪሙ ግን ያዳምጣል እንጂ አይፈታም። ጠበል የሚጠመቀውም ሐኪም ዘንድ መሄዱ ከእምነት መጕደል አይቈጠርም።

እንግዲህ ለዚህ ሙያ ወጣቶችን የሚያዘጋጁ ሁሉ ተማሪው ያነበበውን መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን፥ እርሱ ራሱ የተሰማበትን ሰዓትም ሊቈጥሩ ይገባል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው በሽታውን የሚሸሽገው ሳይቸኵል የሚሰማው በማጣቱ ነው።