ግብ ያላገባ ቡድን አሠልጣኝ

ይህን ጽሑፍ የምንጀምረው ጥፋታችንን በመናዘዝ ነው። እኛ አሶሳ ያደግን ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን የሠፈር የእግር ኳስ ቡድን ነበረን። ቡድኑም አሠልጣኝ ነበረው፤ ያንንም አሠልጣኝ በፊርማ አስወጣነው። ፊርማው የአሥራ አራት ሰው ነው። ማመልከቻውን ያረቀቅነው ግን ዛሬ ይህን የምንጽፈው እኛው ነን፤ በአማርኛ ትምህርት ጥሩ ማርክ ስለ ነበረን ለዚህ ሥራ ተመረጥን። ያን ጊዜ ኩራት ተሰምቶን ነበር።

አሠልጣኛችን ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በአንድ ክለብ ተጫውተው ጉልበታቸው ቢጎዳ ያቆሙ፣ ኋላም በሥራ ምክንያት አሶሳ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። በእኛ ቡድን ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የአሶሳን ፀሐይ የቀመሰ አንባቢ እንደሚረዳልን፣ በመጋቢት ወር ረፋድ ላይ ኳስ ማባረር ቅጣት ነው፤ ስለዚህ ልምምዳችን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነበር። ሁልጊዜ ቀድመውን ይደርሳሉ። የሜዳውን መሥመር በአመድ አሥምረው፣ ማንጎው ሥር ቆመው ሰዓታቸውን ሲያዩ እናገኛቸዋለን። በቡድናችን ውስጥ የበርታ ልጅ አለ፣ የሽናሻ ልጅ አለ፣ ኦሮሞ አለ፣ አያቶቹ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ የመጡ አለ፤ ኳስ አቀብለኝ እያልን የምንጮኸው በሦስትና በአራት ቋንቋ ስለ ነበረ ተጋጣሚዎቻችን ግራ ይገባቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ እኛም ግራ ይገባን ነበር።

በዚያ ዓመት ውድድር አራት ጨዋታ አድርገን ያገኘነው አንድ ግብ ብቻ ሆነ፤ እሷንም ያገባልን የተጋጣሚያችን ተከላካይ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ማመልከቻው የተጻፈው። «ችሎታ ስለሚያንሳቸው» ብለን ጻፍን። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎችም ሳያመነቱ ተቀበሉን። ጋሼ ምንም አልተናገሩም፤ ኳሶቹን ከነመረቡ፣ መንፊያውንና ፊሽካውን አስረክበው ሄዱ።

ነገሩ እንዲህ ተረሳ። ከዚያ ቡድን ሦስታችን ዩኒቨርሲቲ ገባን። ዘንድሮ ለዚህ መጽሔት ስለ አንድ ስፖርተኛ ሕይወት እንድንጽፍ ስንጠየቅ መንግሥቱ ወርቁን መረጥን፤ ምክንያቱም ጋሼ በልምምድ መካከል ስናርፍ ስለ ራሳቸው ጨዋታ አንድ ቀን እንኳ ሳያነሡ ስለ እሱ ነበር የሚያወጉን። (ለእንዲህ ያለ ሰው «አንቱ» ማለት ይገባን ነበር፤ ግን ሕዝብ የወደደውን ተጫዋች «አንተ» ይላልና ይቅር ይባልልን።)

መንግሥቱ ጎንደር ተወልዶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የታወቀ አጥቂ ነው። ስሙን ሁሉ የሚያነሣው ስለ አንድ ቀን ነው፤ ይኸውም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አዲስ አበባ ላይ የገጠመችን፣ በዚያ ዘመን የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ የምትባለው ግብፅ ነበረች። ግብፅ ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደች ናት፤ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ እኛኑ 4 ለ 0 አሸንፋ ነበር። በዚህኛውም ቀን ሁለት ጊዜ መራችን። መጀመሪያ ተክሌ ኪዳኔ፣ ቀጥሎም በ84ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ አቻ አደረጉን። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ደገመ። ከዚያም ሦስት ደቂቃ ሲቀር፣ በ117ኛው ደቂቃ፣ መንግሥቱ አራተኛውን አገባ። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ያን ቀን መንግሥቱ ዕድሜው ሃያ ሁለት ገደማ ነው፤ ይኸውም የእኛ ዕድሜ ማለት ነው። እኛ በዚህ ዕድሜያችን የምንፎክረው የተርም ፔፐር በጊዜው በማስገባታችን ነው።

በአፍሪካ ዋንጫዎች በጠቅላላው 10 ግብ አለው። ለመጽሔቱ ይህ ይበቃ ነበር፤ ጽሑፉንም እዚህ ላይ ልንዘጋው ነበር። አንዱ ጓደኛችን ግን «ከዚያ በኋላስ ምን ሠራ?» ብሎ ጠየቀን። ብንፈልግ አሠልጣኝ ሆኗል። በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ወደ ተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ የሄደው እሱ ነው። ውጤቱን ስናነብ ደነገጥን። በናይጄርያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ ከአልጄርያ ጋር ያለ ምንም ግብ ተለያዩ። ሦስት ጨዋታ፣ ግብ ባዶ! ያ በ117ኛው ደቂቃ ያገባ ሰው፣ ያ የ10 ግብ ባለቤት፣ በመሥመሩ ዳር ቆሞ ልጆቹ አንድም ሳያገቡ ተመለሰ።

እኛ የዚያ ቡድን ተጫዋቾች ብንሆን ኖሮ ማመልከቻ እንጽፍ ነበርን? እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። እንጽፍ ነበር።

ግን የተጋጣሚዎቹን ማንነት እንይ። ናይጄርያ ዋንጫውን ይዛ የመጣች ናት። ያለ ግብ የወጣነው ከአልጄርያ ጋር ነው፤ ያችው አልጄርያ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዓለምን አስደንቃለች። ደግሞስ ሊቢያ መድረስ ቀላል ነበርን? ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. በሰውነት ቢሻው አሠልጣኝነት ነው፤ በመካከሉ 31 ዓመት አለፈ። የመንግሥቱን የሊቢያ ጉዞ ውድቀት ያልነው ሰዎች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ውድቀት እንኳ ማግኘት አቅቶን ኖርን።

ይህ ዕጣ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። ያው ጓደኛችን የአሜሪካኖችን ቤዝቦል ይከታተላልና የቴድ ዊልያምስን ነገር ነገረን። ይህ ሰው ዱላውን ይዞ ሲቆም የሚያክለው ጥቂት ነው፤ ኳሱን መትቶ ከሜዳው አጥር ያሻገረው 521 ጊዜ ነው ይባላል። ጨዋታውን ከተወ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1972 ቡድኑ ካደረገው 154 ጨዋታ 100ውን ተሸነፈ፤ እሱም በዚያው ተወው። በገዛ ክንድ ያለውን ነገር በሌላ ሰው ክንድ ላይ ማኖር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘንም። አጥቂው ሲስት በሚቀጥለው ደቂቃ ራሱ ያርመዋል፤ አሠልጣኙ ግን እጁን ኪሱ ከትቶ ማየት ብቻ ነው።

መንግሥቱ ግን አልተወም። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ በእሱ አሠልጣኝነት ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ስለዚህ ጨዋታ አባቶቻችንን ጠየቅናቸው። ሁሉም ያስታውሳሉ! የሚያስታውሱት ግን በሬዲዮ ያስተላለፈውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ነው፤ አንደኛው ያን ዕለት ሬዲዮኑን አቅፎ ማልቀሱን አጫወተን። «አሠልጣኙስ ማን ነበር?» ስንላቸው ሁለቱ ዝም አሉ፤ አንዱ ደግሞ የሌላ ሰው ስም ጠራ። ሲሸነፍ አሠልጣኙን የማይረሳ ሕዝብ ሲያሸንፍ ይረሳዋል። መንግሥቱ በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ዐረፈ። ያን ጊዜም በየቦታው የተነሣው ያችው የ1954ቷ ግብ ነበረች።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ መቼም ጽሑፉን ብቻ ጽፎ መቀመጥ አልሆነልንም። ባለፈው ቅዳሜ ሦስታችን ተነሥተን ጋሼን ፍለጋ ሄድን። ብዙም አላስቸገሩን፤ ከከተማው ዳር በአንድ ሜዳ ላይ አሥር ዓመት የማይሞላቸውን ልጆች ሰብስበው አገኘናቸው። መሥመሩ እንደ ድሮው በአመድ ተሠምሯል። ጉልበታቸው ብሶበታልና ጄሪካን ገልብጠው ተቀምጠዋል። ስማችንን አልረሱም፤ የምንጫወትበትንም ቦታ ጭምር ነገሩን። ስለ ትምህርታችን ጠየቁ፣ ስለ ወላጆቻችን ጠየቁ፣ ማንጎ አስገዝተው አበሉን። እኛ ግን የመጣንበት ነገር ጉሮሯችን ላይ ቆሞ አላስበላ አለን። በመጨረሻ ከሦስታችን አንዱ፣ ማለትም ብዕሩን የያዝነው፣

«ጋሼ፣ ያን ማመልከቻ የጻፍነው እኛ ነን» አልን።

«አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁ» አሉ።

ዝም አልን። እሳቸውም ዓይናቸውን ከልጆቹ ላይ ሳያነሡ፣

«አማርኛው ደኅና ነበር። ነገር ግን አሠልጣኝ የሚጻፈው በንጉሡ ሠ ነው፤ እናንተ ሦስት ቦታ በእሳቱ ጽፋችሁታል» አሉና አንዱ ልጅ ኳሱን በእጁ ሲነካ አይተው ፊሽካቸውን ነፉ።